ድንኳኑ ሞላ ማለት በሩ ሰፊ ነበር ማለት ነው?

ሂሩት፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ሂሩት ነኝ፣ ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂንያ።

ያሬድ፦ ያሬድ ነኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ። ዛሬ ስለ አሜሪካ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ነው የምናወራው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምንቆጥረው፣ እንዳትደናገሩ።

ሂሩት፦ ባለፈው እሑድ ለቅሶ ቤት ነበርኩ። ቡና እየተቀዳ ሁለት ሰዎች ክርክር ጀመሩ። አንደኛው «ጆርጂያ ውስጥ ጥቁሩን ሕዝብ እንዳይመርጥ አገዱት» ይላል። ሌላኛው ደግሞ «ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ መርጧል፣ ማን ከለከለው?» ይላል። ሁለቱም ቁጥር ይጠራሉ። ቤት ገብቼ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ አመሸሁ።

ያሬድ፦ እኔ ይህ ክርክር በጣም ይነካኛል። ለምን እንደሆነ በኋላ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን ለአዲስ ገቢዎች ነገሩን እናስረዳ።

ሂሩት፦ ቀላል ነው። ፕሬዚዳንቱ የሚመረጠው በየአራት ዓመቱ ነው። መሐል ላይ፣ በሁለተኛው ዓመት፣ 435ቱ የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉና ከሴኔቱ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው ይመረጣል። ብዙ የስቴት ገዢዎችም እንዲሁ። የሚቀጥለው ኖቬምበር 3 ቀን 2026 ነው። የፕሬዚዳንቱ ስም ወረቀቱ ላይ ስለሌለ ሰው ይቀዘቅዛል። በ2020 መምረጥ ከሚችለው ሰው 66 በመቶ ያህሉ ድምፅ ሰጠ። በ2022 ግን ወደ 46 በመቶ ወረደ።

ያሬድ፦ 2014 ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነበር። 37 በመቶ እንኳን አልሞላም። ከ1942 ወዲህ እንደዚያ ወርዶ አያውቅም። በ1942ኮ አገሩ ጦርነት ላይ ነበር።

ሂሩት፦ አዎ። አሁን ወደ ጆርጂያ እንግባ፣ ጉዳዩ በደንብ የሚታየው እዚያ ስለሆነ።

ያሬድ፦ ማርች 2021 ላይ የጆርጂያ ገዢ፣ ሪፐብሊካኑ ብራያን ኬምፕ፣ አንድ የምርጫ ሕግ ፈረሙ። በፖስታ ለመምረጥ የመታወቂያ ቁጥር ግድ ሆነ። በኮቪድ ጊዜ የተቀመጡት ድምፅ መጣያ ሣጥኖች ተቀነሱ፣ ሕንፃ ውስጥም ገቡ። ከምርጫ ጣቢያው በ150 ጫማ ርቀት ውስጥ ለተሰለፈ ሰው ውሃና ምግብ ማደል ተከለከለ። ይቺ የውሃዋ ነገር ብዙ ሰው አስቆጣች።

ሂሩት፦ ሰልፉ ረጅም የሚሆነው የት እንደሆነ ስለሚታወቅ ነዋ።

ያሬድ፦ ልክ ነሽ። ባይደን ሕጉን «የ21ኛው ክፍለ ዘመን ጂም ክሮው» አሉት። ጂም ክሮው ማለት ደቡቡ ጥቁሮችን ከነጮች ለይቶ፣ ድምፅም ነፍጎ የኖረበት የሕግ ሥርዓት ነው። የቤዝቦሉ ሊግም የኮከቦቹን ጨዋታ ከአትላንታ አንሥቶ ወደ ዴንቨር ወሰደው።

ሂሩት፦ ሕጉ ውስጥ ግን ተቃራኒ ነገርም አለ። አስቀድሞ ድምፅ የሚሰጥበት ሁለተኛ ቅዳሜ በመላው ስቴት ግዴታ ሆኗል። ዴሞክራቶቹ ይህን አያነሡትም።

ያሬድ፦ አያነሡትም፣ እውነት ነው። ከዚያ 2022 መጣ። አስቀድሞ ለመምረጥ የወጣው ሕዝብ ብዛት ለአጋማሽ ዘመን ምርጫ ታይቶ የማይታወቅ ሆነ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ። ሪፐብሊካኖቹ ወዲያው «ይኸው! የታለ እገዳው?» አሉ።

ሂሩት፦ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሪፐብሊካኖቹ የሚጠሩት የራስ ቁጥር ነው። ስንት ሰው መረጠ? በ2018 ለገዢነት 3.94 ሚሊዮን ያህል ድምፅ ተሰጠ። በ2022 ደግሞ 3.95 ሚሊዮን። ስለዚህ «ጨምሯል» ይላሉ፣ አልዋሹም። ዴሞክራቶቹ ደግሞ በመቶኛ ነው የሚያሰሉት። በእነዚያ አራት ዓመታት የጆርጂያ መራጭ በመቶ ሺዎች ጨምሯል። የመጣው ግን ያው ነው። ስለዚህ «ቀንሷል» ይላሉ። እነሱም አልዋሹም።

ያሬድ፦ አንድ ምርጫ፣ አንድ ስቴት፣ ሁለት መልስ!

ሂሩት፦ አዎ። ለቅሶ ቤቱ ውስጥም የተፈጠረው ይኸው ነበር። አንደኛው በራስ ይቆጥራል፣ ሌላኛው በመቶኛ። ቀጥዬ የምለው ግን ዴሞክራቶችን ያስከፋ ይሆናል። በ2018 ኬምፕ ዴሞክራቷን ተወዳዳሪ ስቴሲ ኤብራምስን ያሸነፉት በ55,000 ገደማ ድምፅ ነው። በ2022 ልዩነቱ ወደ 300,000 ተጠጋ። 300,000 ድምፅ በውሃ ክልከላ አይገኝም። ሰው ኬምፕን ስለመረጠ ነው ያሸነፉት።

ያሬድ፦ በዚህ እስማማለሁ። የማልስማማው «ብዙ ሰው ስለመጣ የተከለከለ የለም» በሚለው ነው። የሠርግ ድንኳን አስቢ። ድንኳኑ ሞልቷል። ታዲያ በሩ ጠባብ አልነበረም ማለት ነው? ሰው ሙሽሮቹን ስለሚወድ ተጋፍቶ ገብቶ ሊሆን ይችላል። በር ላይ ተገፍታ የተመለሰችውን አሮጊት ውስጥ ያለው ሰው አያያትም።

ሂሩት፦ ጥሩ ብለሃል። ግን ገልብጠን እንየው። ድንኳኑ ባዶ ከሆነስ? በሩ ተዘግቶ ነበር ማለት ነው? በ2014 ከ18 እስከ 29 ዓመት ካሉት ወጣቶች የመረጡት 20 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2018 36 በመቶ ደረሱ። በእነዚያ አራት ዓመታት በመላ አገሪቱ ሕጉ ያን ያህል ተለውጦ አይደለም። ሰዉን ያስወጣው ትራምፕ ነው። የሚወዳቸውም የሚጠላቸውም ወጣ።

ያሬድ፦ ስለዚህ ሰውን የሚያስወጣው ስሜቱ ነው።

ሂሩት፦ በአብዛኛው። ኒውዮርክን ተመልከት። እስከ 2019 ድረስ አስቀድሞ ድምፅ መስጠት የሚባል ነገር አልነበረም። ጆርጂያ ውስጥ ግን ከብዙ ዓመት በፊት ተጀምሯል። የኒውዮርክ ሴኔት በሪፐብሊካኖች እጅ ነበር ይባላል፣ እሺ። ግን ገዢው ዴሞክራት፣ ከተማው ዴሞክራት። ያን ያህል ጩኸት ሰምተሃል? እኔ አልሰማሁም። በአንድ ቦታ በደል የሆነው በሌላ ቦታ ዝም ሲባል ያመኛል።

ያሬድ፦ ሁለቱም ፓርቲዎች አንድ እምነት ነበራቸው። ብዙ ሰው ከወጣ ዴሞክራት ያሸንፋል፣ ጥቂት ሰው ከወጣ ሪፐብሊካን ያሸንፋል። የ2010ን ውጤት ያዩና ጥቂት ሰው ወጣ፣ ሪፐብሊካኖች 63 መቀመጫ ጨመሩ ይላሉ። በ2018 ብዙ ሰው ወጣ፣ በመቶ ዓመት ያልታየ ያህል፣ ዴሞክራቶች 40 መቀመጫ ወሰዱ። በቃ፣ ሕግ አደረጉት። ትራምፕ ራሳቸው በ2020 በቴሌቪዥን ተናግረውታል። ዴሞክራቶች የሚፈልጉት ያህል ድምፅ ቢሰጥ ሪፐብሊካን ዳግመኛ አይመረጥም የሚል ነገር።

ሂሩት፦ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ከመቶ ዓመት በላይ ያልታየ ሕዝብ መረጠ። ትራምፕ ተሸነፉ፣ ሪፐብሊካኖቹ ግን በተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ጨመሩ!

ያሬድ፦ ያኔ ነቅተው ቢሆን! ከዚያ 2022። ፒው የሚባለው የጥናት ማዕከል የመራጮችን መዝገብ እያመሳከረ ተከታትሏል። በ2020 ትራምፕን ከመረጡት 71 በመቶው በ2022 ተመልሰው መጡ። ባይደንን ከመረጡት ደግሞ 67 በመቶው። በ2024 ያልመረጡትንም ጠይቋል። ብትመርጡ ማንን ትመርጡ ነበር? 44 በመቶ ትራምፕን፣ 40 በመቶ ዴሞክራቷን ሃሪስን አሉ።

ሂሩት፦ ይኸውልህ። ዴሞክራቶች «ቤት የቀረው ሰው የእኛ ነው» ሲሉ ኖሩ። አልነበረም። ሪፐብሊካኖችም ያንኑ ሰው ፈርተው በሩን ሲያጠቡ ኖሩ። የፈሩት ሰው የራሳቸው ደጋፊ ነበር። እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይህ ነው። ስለ በሩ ስፋት ሲከራከሩ የሚያሰሉት ማን እንደሚገባ ነው። ዜጋ ነው፣ መብቱ ነው፣ ይግባ። ማንን እንደሚመርጥ ምን አገባችሁ?

ያሬድ፦ ሚኒሶታ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። በምርጫው ዕለት ሄደሽ እዚያው ትመዘገቢያለሽ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ እንደዚያ ነው። አድራሻሽን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለሽ ጎረቤትሽ ይመሰክርልሻል። በዚያው የምርጫ ቀጣና የተመዘገበ ሰው ቆሞ «እዚህ ነው የምትኖረው፣ አውቃታለሁ» ብሎ ይፈርማል። አንድ ሰው እስከ ስምንት ሰው ድረስ መመስከር ይችላል።

ሂሩት፦ እንደ ቀበሌ ምስክር!

ያሬድ፦ ልክ እንደዚያ። ሪፐብሊካኖች «ለማጭበርበር የተመቸ ነው» ይላሉ። መጠየቃቸው አይከፋም፣ መጠየቅ አለበት። ግን የሚመሰክረው ሰው በፊርማው ይጠየቃል፣ ስሙ ተመዝግቧል። ሚኒሶታ በ2018 64 በመቶ አካባቢ ነበረች፣ በአገሪቱ አንደኛ። በ2022ም ከፍተኛዎቹ ውስጥ ናት።

ሂሩት፦ እሺ፣ አሁን ንገረኝ። ለምን ይነካኛል አልክ?

ያሬድ፦ በእናቴ ምክንያት ነው። የምትኖርበትን ስቴት አልጠራም። ዜግነት ባገኘች በዓመቱ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ደረሰ። ተመዘገበች። የአባቷ ስም የዜግነት ወረቀቷ ላይ በአንድ «ኤስ» ነው የተጻፈው፣ መንጃ ፈቃዷ ላይ በሁለት። ታውቂዋለሽ፣ የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ እንደ ጻፊው ነው።

ሂሩት፦ የእኔ ራሱ በሦስት ዓይነት ተጽፏል። ወረቀት በወጣ ቁጥር ይለያያል።

ያሬድ፦ ደብዳቤ መጣላት። ምዝገባሽ አልተጠናቀቀም የሚል። እሷ ማስታወቂያ መሰላት፣ ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር አስቀመጠችው። በምርጫው ቀን ነጠላዋን ለብሳ ሄደች። ግማሽ ቀን ከሥራ አስፈቅዳ። እዚያ ያለችው ሠራተኛ ስሟን አጣችው። ሌላ ዓይነት ወረቀት ልስጥሽ፣ በኋላ ተጣርቶ ይቆጠራል አለቻት። እናቴ ቃሉ አልገባትም። ስትነግረኝ «የማይቆጠር ወረቀት ሊሰጡኝ ነበር» ነው ያለችው። አፍራ ወጣች። ደወለችልኝ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ አላነሣሁም።

ሂሩት፦ ውይ፣ እናቴን።

ያሬድ፦ ማታ ስደውልላት «በቃ ተወው፣ ያንተ ድምፅ ይበቃል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ መራጮች ተሳትፎ ቁጥር ስሰማ እሷ ነች የምትታየኝ። እዚያ መቶኛ ውስጥ እናቴ የለችም። ለሚቆጥረው ሰው እናቴ ግድ ያልሰጣት፣ ቤቷ የተቀመጠች ሴት ናት። ነጠላ ለብሳ መሄዷን የሚቆጥር የለም።

ሂሩት፦ ጆርጂያ በ2018 ይህንኑ ነበር የሚያደርጉት። ስምሽ ከመንጃ ፈቃዱ መዝገብ ጋር ፊደል በፊደል ካልገጠመ ምዝገባሽ ይያዛል። 53,000 ያህል ሰው ተይዞ ነበር፣ 70 በመቶው ገደማ ጥቁር። ያኔ ምርጫውን የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ደግሞ ራሳቸው ተወዳዳሪው ኬምፕ ነበሩ። የእሳቸው ወገን «መታወቂያ ካሳየ መምረጥ ይችላል» ይላል፣ ሕጉም እንደዚያ ነው። ግን እንደ እናትህ አፍሮ የሚመለሰውን ሰው ምን ታደርገዋለህ?

ያሬድ፦ በዚያው በ2018 እዚህ ከተወለደው ዜጋ 54 በመቶው ሲመርጥ እንደ እኛ ዜግነት ካገኘው ደግሞ 46 በመቶው ነው የመረጠው። ሁሉም ተከልክሎ አይደለም። ሁለት ሥራ የሚሠራ አለ፣ ፖለቲካ የሚፈራ አለ፣ «እኔ ምን አገባኝ» የሚል አለ። ግን ስንቱ እንደ እናቴ ነው? ቁጥሩ አይነግረኝም።

ሂሩት፦ ያቺ የለቅሶ ቤት ክርክር ላይ ይህን ብትናገር ሁለቱም ዝም ይሉ ነበር።

ያሬድ፦ በ2025 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤቱ ለመመዝገብ የዜግነት ማስረጃ ወረቀት ግድ የሚል ረቂቅ አሳልፎ ነበር። ሪፐብሊካኖች «ዜጋ ያልሆነ እንዳይመርጥ ነው» ይላሉ። ዓላማውን አልቃወምም፣ ዜጋ ያልሆነ መምረጥ የለበትም። ግን ካንሳስ ይህን ሞክራዋለች። ከ31,000 በላይ አመልካቾች ሳይመዘገቡ ቀሩ። በ2018 ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው፣ ከእነዚያ አብዛኞቹ ዜጎች ነበሩ።

ሂሩት፦ እኔ እዚህ ቨርጂንያ የማልረሳው የ2017ቱን ነው። የስቴቱ ምክር ቤት ምርጫ ነበር፣ ኒውፖርት ኒውስ አካባቢ። ድምፁ እንደገና ተቆጠረ፣ ዴሞክራቷ በአንድ ድምፅ አሸነፈች ተባለ። በማግስቱ ዳኞች አንድ አከራካሪ ወረቀት ለሪፐብሊካኑ ይቆጠር አሉ። እኩል ሆኑ፣ 11,608 ለ11,608። ከዚያ ስማቸው በወረቀት ተጽፎ ከሸክላ ሳህን ውስጥ ዕጣ ወጣ። የሪፐብሊካኑ ወጣ። ምክር ቤቱ በዚያች ዕጣ 51 ለ49 የሪፐብሊካኖች ሆነ።

ያሬድ፦ በዕጣ!

ሂሩት፦ በዕጣ። አንድ እናት አፍራ ባትመለስ ኖሮ ዕጣ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። እናትህ አሁንስ?

ያሬድ፦ አብረን ሄደን ስሟን አስተካከልን። ሦስት ወር ፈጀ። አሁን በምርጫ ቀን ሁለቱንም ወረቀት በቦርሳዋ ይዛ ነው የምትሄደው። ማንን እንደምትመርጥ ግን አትነግረኝም።