ዋስ አጥተው ለሚመለሱት ልጆቻችን
(ባሕር ዳር፣ በትምህርት ቤታችን የቀድሞ ተማሪዎች የእራት ግብዣ ላይ የተነበበ ንግግር)

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ክቡራን መምህሮቻችን፣ ጋሼዎቻችንና እትዬዎቻችን፣ አብረን አንድ ግቢ ያደግን ጓደኞቼ፣ ከአዲስ አበባም ከጎንደርም ከውጭ አገርም ለዚች ምሽት ብላችሁ የመጣችሁ ሁሉ እንኳን ደህና መጣችሁ። ኮሚቴው ስለ ትምህርት ጥራት አስር ደቂቃ ተናገር ብሎኛል፣ እናገራለሁ፣ ግን እኔ ጥራት የሚባለውን ነገር ባነሳሁት ቁጥር የሚመጣብኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ከዚህ አጥር ወርዶ ሐይቁ ዳር ያለው ሰፈር ልጆች እዚህ አዳራሽ ውስጥ ለምን የሉም? ዙሪያችሁን እዩ እስኪ። ከኛ ከነገደ ወይጦ፣ ጣና ዳር ከኖረው ሕዝብ፣ ልጆች እዚህ የተቀመጥነውን በጣት ትቆጥሩናላችሁ። ለምን ሲባል የሚሰጠውን መልስ ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ "እነሱ መማር አይወዱም" ነው የሚባለው። እኔ ዛሬ የመጣሁት ይሄ ውሸት ነው ልላችሁ ነው።

አብረን የተማርን ሰዎች ነን፣ ማስታወስ አያቅታችሁም። ዴስኩ የተሰራው ለሶስት ነበር፣ እኔ ግን ብቻዬን ነበር የምቀመጠው፣ ከኋላዬ ያለው ዴስክ ላይ አምስት ልጅ ተጣቦ። አምባዛ አሳ ይሸታል ነበር የሚባለው። ዛሬ አምባዛውን ነጋዴ በፍሪጅ አቀዝቅዞ ይሸጠዋል፣ አይደል? የሸተተው እኛ እጅ ላይ እያለ ነው። ይሄን የማነሳው ማንንም ለማሳፈር አይደለም፣ ልጆች ነበርን፣ ከቤት የሰማነውን ነው ያደረግነው። ማንሳት የፈለኩት መጽሐፉን ነው። መጽሐፍ ይታደል የነበረው ለሶስት ልጅ አንድ ነበር፣ በተራ ወደ ቤት ትወስዱት ነበር፣ ተራውም የሚሰራው እርስ በርስ ቤት ለቤት ስለምትገባቡ ነው። ፈተና ሲደርስ ማታ አንዱ ጓደኛችሁ ቤት ትሰበሰባላችሁ፣ እናትየው ቆሎና ቡና ታቀርባለች፣ ያልገባው የገባውን ይጠይቃል። እኛን እቤቱ አስገብቶ በአንድ ሰሃን የሚያቀርብልን አልነበረም፣ ስለዚህ መጽሐፉም ማብራሪያውም እኛ ጋ አይደርስም ነበር። ከዚያ ውጤት ሲለጠፍ "ሰነፎች"። ማን ያስጠናው ልጅ ነው ሰነፍ የተባለው?

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቃችሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ አገር ምድሩ ነው የወደቀው። ያኔ ምን ተባለ? መምህር የለም፣ ላብራቶሪ የለም፣ መጽሐፍ አልደረሰም፣ ኮቪድ ነበር፣ ጦርነት ነበር ተባለ። ትክክል ነው፣ እኔም መምህር ነኝ፣ እኔም ብያለሁ። የኢትዮጵያ ልጅ መማር አይወድም ያለ ሰው ግን አልሰማሁም። የናንተ ልጅ ሲወድቅ ምክንያቱ ይፈለጋል፣ የኛ ልጅ ሲወድቅ ዘሩ ይጠራል! ይሄ ፍርድ ነው? የትኛው ጥናት ላይ ነው የቆመው?

የአሜሪካኖቹን ነገር ያነሳሁት እንደሆነ እዚያ የምትኖሩት ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እዚያ መለያው ቀለም ነው። ጥቁርና ነጭ ልጅ ተለያይቶ እንዳይማር ፍርድ ቤት የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፣ ልዩነቱ ግን በውሳኔ አልጠፋም፣ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የመንግስት መስሪያ ቤት ካርታ ላይ የጥቁር ሰፈር በቀይ ተቀልሞ ለቤት የሚሆን ብድር እንዳያገኝ ተደርጓል፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከገንዘቡ ትልቅ ድርሻ የሚያገኘው ከዚያው አካባቢ የቤት ግብር ነው፣ ቤቱ ርካሽ ከሆነ ትምህርት ቤቱም ደሃ ነው። ስራ ላይ ሲመጣ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት አለ። ሁለት ተመራማሪዎች በቦስተንና በቺካጎ ጋዜጣ ለወጡ የስራ ማስታወቂያዎች ወደ 5000 የሚጠጋ ሲቪ ላኩ፣ ትምህርቱም ልምዱም ተመጣጣኝ ነው፣ የሚለየው ስሙ ነው፤ ኤሚሊና ግሬግ ባንድ በኩል፣ ላኪሻና ጀማል ባንድ በኩል። የነጭ የሚመስለው ስም 10 ማመልከቻ አስገብቶ አንድ ጥሪ ሲያገኝ የጥቁር የሚመስለው 15 ማስገባት ነበረበት። ጀማል እኮ የኛም ሰፈር ስም ነው። እኔ ያንን ሳነብ ያሰብኩት ጎረቤቴን ነው።

እኛ ጋ ቀለም አይለየንም፣ ቋንቋም አይለየንም፣ የራሳችን ቋንቋ ከጠፋ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ አማርኛ ነው አፋችንን የፈታንበት። የሚለየን ሰፈር ነው። አባቶቻችን ጉማሬ ያድኑ ነበር፣ እሱ ቀረ። ደንገል ቆርጠው ታንኳ ይሰሩ ነበር፣ ደንገሉ የበቀለበት ዳርቻ ግማሹ እርሻ ሆነ፣ ግማሹ ሎጅና መዝናኛ ሆነ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ግን ሐይቁ ሲጠበቅ ሐይቁ ዳር የኖረውም ሰው አብሮ መታሰብ ነበረበት። ብዙው ቤታችን ካርታ የለውም፣ ካርታ ስለሌለው ልማት ሲመጣ መጀመሪያ ተነሺ እኛ ነን፣ ቤተሰቡ ሲነሳ ልጁ በመንፈቅ መሃል ትምህርት ያቋርጣል፣ ካቋረጠ ደግሞ ለመመለስ ይከብዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ሰዓቱን አይቻለሁ ጋሼ፣ ትንሽ ታገሱኝ።

ከሰፈራችን አንዲት ልጅ አለች፣ ስሟን አልጠራም። እናቷ ሰፌድና አገልግል ሰፍታ ቅዳሜ ገበያ የምትሸጥ ሴት ናት፣ እዚህ ካላችሁት የሷን አገልግል ገዝታችሁ ለዘመድ የላካችሁ አትጠፉም። በዚያ የአክርማና የስንደዶ ብር ልጅቷን ቴክኒክና ሙያ አስገብታ አካውንቲንግ አስተማረቻት፣ ሌቨል አራት ጨረሰች፣ ሲኦሲዋን፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ በመጀመሪያው ፈተና አለፈች። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ካሸር ይፈልጋል ተባለ፣ ተመዘገበች፣ የጽሁፉን ፈተና አንደኛ ወጣች፣ ኢንተርቪውም አለፈች። ቅዳሜ ከሰዓት ተደወለላት። ሰኞ ትጀምሪያለሽ፣ ቋሚ ደሞዝ ያለው ዋስ ይዘሽ ነይ።

ዋስ ማለት እናንተ ለምትሰሩት ሰዎች ቀላል ነገር ነው፣ አጎት አለ፣ የአክስት ልጅ አለ፣ መስሪያ ቤቱ የደሞዙን መጠን ጽፎ ማህተም መትቶ ደብዳቤ ይሰጠዋል፣ አለቀ። የሷ አባት ደንገል ቆራጭ ነው። አጎቷ አሳ አጥማጅ ነው። ወንድሟ ኮብልስቶን የሚያነጥፍ የቀን ሰራተኛ ነው። ከዘር ማንዘሯ የደሞዝ ፔሮል ላይ የፈረመ ሰው የለም። ቅዳሜ ከመግሪብ በኋላ እኔ ጋ መጣች። እኔ ለአንድ የአጎቴ ልጅ ፈርሜ ነበር፣ መስሪያ ቤቴ ደግሞ ለሁለተኛ ሰው ደብዳቤ አይጽፍም። ከዚያ እሁድ ሙሉ ቀን ዲፕሎማዋን በፌስታል ይዛ የእናቷን ደንበኞች ቤት ዞረች። አንዷ "እናትሽን እኮ እወዳታለሁ፣ ባለቤቴን ላማክር" ብላ ስልኳን ዘጋች። አንዱ መምህር፣ ይቅርታ አድርጉልኝና የሙያ ባልደረባዬ ነው፣ "እኔ በመርህ ለማንም አልፈርምም" አላት። በሳምንቱ ለሚስቱ ወንድም ፈርሟል! ሰኞ ሄዳ ጊዜ ለመነች፣ እስከ ሮብ ሰጧት፣ ሮብ ተጠባባቂው ተጠራ። የተጠባባቂው አጎት የመንግስት ሰራተኛ ነው።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ማንም አልሰደባትም። ህግም አልተጣሰም። ወይጦ ነሽ ያላት ሰው የለም። ሆቴሉ ለሁሉም አመልካች እኩል አንድ ወረቀት ነው የጠየቀው፣ ግን ያ ወረቀት ሊኖረው የሚችለው አያቱ ወይ አጎቱ ቀድሞ የተቀጠረ ሰው ነው። ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲቀጥር የገቡት ሰዎች ልጆቻቸውን በዋስ አስገቡ፣ ልጆቻቸውም ልጆቻቸውን። እኛ ያኔ በር ላይ ስላልተጠራን ዛሬም ዋስ የለንም፣ ዋስ ስለሌለን ዛሬም አንገባም። ከዚያ ትንሹ ወንድሟ፣ ዘጠነኛ ክፍል ያለው፣ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? "እህቴ ተምራ ምን አገኘች?" ብሎ ደብተሩን ትቶ ወደ ደንገሉ ሄደ። ያንን ልጅ ነው መማር አይወድም የምትሉት!

ያ ሆቴል ውስጥ የሚሰራ ሰው ደግሞ ቆይቶ "እድል ሰጥተናቸው ነበር፣ አልመጡም" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልመጡም? እሁድ ሙሉ ቀን በእግሯ ስትዞር የዋለችው ማን ናት?

እና ምን ይደረግ ነው። ብትሰርቅስ፣ ብትጠፋስ የሚል ስጋት እንዳለ አውቃለሁ፣ ዋስነት ዕዳ ነው፣ ይገባኛል። ለእህታችሁ ልጅ ስትፈርሙም ያው ስጋት አለ፣ ግን ፈርማችኋል። ሆቴልና ድርጅት ያላችሁ ደግሞ ኢንሹራንሶች የሰራተኛ ታማኝነት ዋስትና የሚባል ውል አላቸው፣ የሰው ዋስ የግድ አይደለም፣ ሒሳብ ክፍላችሁን ጠይቁ። አስተዳደር ላይ ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 4 በእድገት ወደ ኋላ ለቀሩት መንግስት ልዩ ድጋፍ ያደርጋል ይላል፣ አንብቡት፣ የሰፈራችንን የካርታ ጥያቄም ከመሳቢያ አውጡልን። የማስጠናት ፕሮግራሙን ወጣቶቹ ጀምረዋል፣ ስለሱ እነሱ ይናገራሉ።

ዛሬ ከናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በሩ ጋ ያለው ጠረጴዛ ላይ ፎርም አለ፣ ስም፣ መስሪያ ቤት፣ ስልክ፣ ለአንድ ልጅ ዋስ እሆናለሁ የሚል ፊርማ። ዘንድሮ ሌቨል አራት የሚጨርሱት የሰፈራችን ልጆች ዝርዝር ከጎኑ ተቀምጧል፣ ያቺ ልጅም ጠረጴዛው ጋ ናት፣ ውጤቴን ማየት ለፈለገ አሳየዋለሁ ትላለች። ሌላ ቦታ ካሸር ይፈለጋል ተብሎ ሐሙስ ፈተና አለባት። ደብዳቤውን ሰኞ ከመስሪያ ቤታችሁ ማጻፍ ትችላላችሁ።

አመሰግናለሁ።