በዤኔቪየቭ ላይ አትፍረዱ

የተከበራችሁ የፊልም ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የምናየው «የሼርቡር ጃንጥላዎች» እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣ የፈረንሳይ ፊልም ነው። ዣክ ዴሚ ጽፎ አዘጋጀው፤ ሙዚቃውን ሚሼል ለግራን ደረሰለት፤ በዚያው ዓመት የካን ፌስቲቫልን ታላቁን ሽልማት ወሰደ። አዘጋጆቻችን ፊልሙን እንዳስተዋውቅ ጠይቀውኝ ነበር፤ አስተዋወቅሁ። እኔ ግን የመጣሁት በፊልሙ ውስጥ ፍቅረኛዋን ሳትጠብቅ ሌላ ላገባችው ልጅ፣ ለዤኔቪየቭ፣ ጥብቅና ልቆም ነው።

ባለፈው ይህንኑ ፊልም እዚሁ ስናይ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። መብራቱ እንደበራ፣ እንባችን ሳይደርቅ፣ ከኋላ አንድ ወንድማችን ብድግ አለና «ይቺ ከዳተኛ ናት!» አለ። ጭብጨባም አገኘ። አንዲት እህታችን «ጥፋቱ የእናትየዋ ነው» አለች። ሌላው «እሱስ ቢሆን ለምን አዘውትሮ አይጽፍላትም ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ አንድ አባት ቀስ ብለው ተነሥተው «በእኛ ጊዜ ስንቱ ተጠብቋል!» ሲሉ ቤቱ ተንጫጫ። የአዳራሹ ጥበቃ በሩ ላይ ቆሞ ቁልፉን ቢያቅጨለጭልም የሰማው የለም፤ ክርክሩ መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከትሎን ወጣ። ስለ ሙዚቃው ያነሣ የለም፤ ስለ ቀለሙ ያነሣ የለም። በአንዲት ለጋ ልጅ ላይ ፈርደን ተበተንን። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እስቲ ጉዳዩን ከሥሩ እንየው። ጊዜው 1957፣ ወሩ ኅዳር ነው። ዤኔቪየቭ ከእናቷ ጋር ጃንጥላ ትሸጣለች፤ የምትወደው ጊ ደግሞ የጋራዥ መካኒክ ነው። እናትየዋ የግብር ዕዳ አንቋት የአንገት ሐብሏን ለመሸጥ ትዞራለች። በዚህ መሐል ጊ ለሁለት ዓመት የውትድርና ግዳጅ ወደ አልጄሪያ ይጠራል። ልጅቷ አርግዛለች። ደብዳቤው እየሳሳ ይሄዳል። ፎቶውን እያየች መልኩ እየራቃት መሆኑን ለእናቷ ትነግራታለች፤ ስታስበው የሚመጣባት ፎቶው ሆኗል፣ ፊቱ ጠፍቶባታል። ይህን ክህደት ብሎ የሚጠራ ሰው የሚወደውን ሰው ጠብቆ አያውቅም! በመካከላችን ከግንባር ደብዳቤ የጠበቀ፣ ከዓረብ አገር ስልክ የጠበቀ ሰው ሞልቷል። እሱን ጠይቁት። ከዚያ በኋላ ፍረዱ።

ያገባት ሮላን ካሳርስ? ጌጣጌጥ ነጋዴ ነው፤ የሌላ ሰው ልጅ መሸከሟን አውቆ «አብረን እናሳድገዋለን» የሚል ሰው ነው። ማድሌን የጊን አክስት አስታማ፣ እሱ ቆስሎና መርሮት ሲመለስ በትዕግሥት የያዘችው ናት። ዴሚ በዚህ ፊልም ውስጥ አንድም ክፉ ሰው አላስገባም። ጥፋተኛ የምትፈልጉ ከሆነ የጥሪው ወረቀት አለላችሁ።

አንዳንዶች ፊልሙን ከረሜላ ይሉታል። ሮዝ ግድግዳ፣ ዘፈን፣ የልጆች ፍቅር ነው ብለው ያልፉታል። ይህን ለመስማት ጆሮዬ አይችልም! የአልጄሪያ ጦርነት ያበቃው በ1962 ነው። የፈረንሳይ መንግሥት ለዓመታት «ጸጥታ የማስከበር ዘመቻ» ሲለው ቆይቶ፣ ጦርነት መሆኑን በሕግ የተቀበለው በ1999 ነው። ዴሚ ግን ጦርነቱ ካለቀ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው አንድን ቤተሰብ እንዴት እንደበተነ በዚያ ሮዝ ግድግዳ ፊት አሳየ። ስንት ኮስታራ ፊልም ዝም ባለበት ጊዜ ነው ይህ ዘፋኝ ፊልም የተናገረው!

ዘፈኑንም ልብ በሉልኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራ ንግግር የሚባል አንድ ቃል የለም። ፊልሙ ጋራዥ ውስጥ ይጀምራል፤ አንዱ መካኒክ ኦፔራ እንደማይወድ፣ ሲኒማ እንደሚሻለው ይናገራል፤ ይህንንም በዜማ ነው የሚለው። ዴሚ ናንት ከተማ ውስጥ በአባቱ ጋራዥ ያደገ ሰው ነው። ለእሱ የቤንዚንና የዘይት ወሬ እንደ ፍቅር ቃል ዜማ ይገባዋል። ዤኔቪየቭን ለምትጫወተው ለካትሪን ደኔቭ ድምፅ ሆና የምትዘፍነው ዳንየል ሊካሪ ናት፤ ዘፈኑ አስቀድሞ ተቀርጾ ተዋንያኑ በላዩ ተጫወቱበት።

ቀለሙን የመድረክ ንድፍ ባለሙያው የበርናር ኤቫን እጅ አሳምሮታል። የልጅቷ ቀሚስና የቤቱ ግድግዳ እርስ በርስ ይጠራራሉ። እያደር ያ ሁሉ ድምቀት ይቀንሳል፤ መጨረሻ ላይ በታኅሣሥ 1963 በረዶ የወረደበት የነዳጅ ማደያ ላይ ትደርሳላችሁ። ዤኔቪየቭና ጊ ከዓመታት በኋላ ሲገናኙ፣ የማደያው ሠራተኛ ገብቶ ሱፐር ይሁን ተራ ቤንዚን ይጠይቃል፤ እሱንም በዜማ። ባለፈው እዚህ ቦታ ላይ አንዳንዶቻችን ስቀን ነበር። ዛሬ ያቺን ጥያቄ ስትሰሙ የዤኔቪየቭን ፊት እዩ፣ እለምናችኋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የዚያን ዘመን የቀለም ፊልም በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል። ዴሚ ግን ሦስቱን መሠረታዊ ቀለሞች ለየብቻ በጥቁርና ነጭ ፊልም አስቀምጦ ነበር። በ1990 ሲሞት ባለቤቱ አኜስ ቫርዳ ፊልሙ እንዲታደስ አደረገች። ዛሬ ያንን ሮዝ የምናየው በዚህ ነው።

ፊልሙ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሻይ ከዚያ በኋላ ይቀርባል፤ ውይይቱን የምከፍተው እኔ ነኝ። ባለፈው «ከዳተኛ» ያልከው ወንድሜ፣ መምጣትህን አይቻለሁ፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ የምጠይቀው አንተን ነው።

አመሰግናለሁ።