እስቲ ይቺን ክዳን ክፈቱልኝ

ጤና ይስጥልኝ።

ወደ ንግግሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላዙር። ይቺ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ናት። ይሄ ደግሞ ወፍራም የሱፍ ጓንት ነው። ከፊት ረድፍ ጀምራችሁ ተቀባበሉት። ጓንቱን አጥልቃችሁ ክዳኑን ለመክፈት ሞክሩ። በጥርስ አይቻልም። እናንተ ስትታገሉ እኔ ላውራ።

ብልቃጧ የእናቴ ነበረች። እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏታል። ክዳኑ ደግሞ ጫን አድርገው ካላዞሩት የማይከፈት ዓይነት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ድምፅ ሳላሰማ ወጥ ቤት ገባሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። ብልቃጧን ደረቷ ላይ ደግፋ በመዳፏ ትጫናለች። ክዳኑ ቀጭ ቀጭ እያለ ይዞራል እንጂ አይከፈትም። ደግማ ሞከረች። ትንሽ ቆም አለችና መሳቢያውን ከፍታ ቢላ አወጣች። ዞር ስትል አየችኝ። ቢላውን ቶሎ ብላ መለሰችና ፈገግ አለች። «አይ፣ ዝም ብዬ ነው» አለችኝ።

የምርት ዲዛይን ሥራ ከጀመርኩ 18 ዓመት ሆነኝ። የዚያን ቀን ጠዋት ያህል ያስተማረኝ ስብሰባ የለም። እናቴ አፈረች። በልጇ ፊት፣ በአንዲት ፕላስቲክ ክዳን የተነሳ።

ስለ ስሜትና ዲዛይን ሲነሳ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ደስታ ነው። ደንበኛው ይደሰት፣ ይገረም፣ ይውደደው እንላለን። ደስታን አልጠላም። እኔ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት ሀፍረት ነው ባይ ነኝ። ሰው አንድ ዕቃ ሲያቅተው ብዙ ጊዜ ዕቃውን አይወቅስም፤ ራሱን ነው የሚወቅሰው። «እኔ እኮ ከማሽን ጋር አልስማማም» ይላል። «አርጅቻለሁ» ይላል። ቅሬታ አያቀርብም፣ ስልክ አይደውልም፣ መጠይቅ ላይ አይጽፍም። ያፈረ ሰው ዝም ይላል። ስለዚህ ሪፖርታችን ላይ ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል።

የክዳኑን ነገር ልጨርሰው፣ ምክንያቱም ታሪኩ ደስ ይላል። አሜሪካ ውስጥ መድኃኒትና መርዛማ ነገሮች ልጆች በማይከፍቱት ዕቃ እንዲታሸጉ የሚያዝዝ ሕግ በፈረንጆቹ 1970 ወጣ። ጥሩ ሕግ ነው፤ የብዙ ልጆችን ሕይወት አትርፏል። ማሸጊያው ገበያ ከመውጣቱ በፊት ይፈተናል። ሕፃናት ሊከፍቱት ይሞክራሉ፤ መቻል የለባቸውም። አዋቂዎችም ይሞክራሉ፤ እነሱ መቻል አለባቸው። ታዲያ ለዓመታት አዋቂ ተብለው የሚፈተኑት ከ18 እስከ 45 ዓመት የሆናቸው ሰዎች ነበሩ። መድኃኒት በብዛት የሚወስደው ግን ማን ነው?

ክዳኑ ያስቸገራቸው ሰዎች የራሳቸውን መላ ፈጠሩ። አንዳንዱ ክዳኑን ሳይገጥም ይተወዋል። አንዳንዱ ክኒኑን ክፍት ዕቃ ውስጥ ይገለብጠዋል። ልጅ እንዳይነካው ተብሎ የታሸገው መድኃኒት ልጅ በሚደርስበት ቦታ ተዘርግፎ ተገኘ። በ1995 ደንቡ ተሻሻለና ተፈታኞቹ ከ50 እስከ 70 ዓመት የሆናቸው እንዲሆኑ ተደረገ። እዚህ ላይ የሰው ስሜት ከላይ የሚነሰነስ ቅመም እንዳልሆነ ይታያችኋል። ሰውየው ሲበሳጭ የዕቃው ዋና ሥራ ራሱ ፈረሰ።

በነገራችን ላይ፣ እናቴ 78 ናት ብያችኋለሁ። በአዲሱ ደንብም ከፈተናው ውጭ ናት።

ብልቃጧ የት ደረሰች? ሦስተኛ ረድፍ? በርቱ።

ፓትሪሺያ ሙር የምትባል አሜሪካዊት ዲዛይነር አለች። ወጣት ሳለች በአንድ ስብሰባ ላይ የማቀዝቀዣ በር ዲዛይን ሲወራ፣ እጁን መገጣጠሚያው ላይ የሚያመው ሰው በቀላሉ እንዲከፍተው አድርገን ብንሠራውስ ብላ ጠየቀች። ለእንደዚያ ዓይነት ሰዎች አንሠራም የሚል መልስ ተሰጣት። በ1979፣ ገና በ26 ዓመቷ፣ ራሷን አሮጊት አስመስላ መንገድ ወጣች። ዓይኗን የሚያደበዝዝ መነጽር አደረገች። ጆሮዋን ደፈነች። ጣቶቿን አሰረች። ሦስት ዓመት ያህል በአሜሪካና በካናዳ ከ100 በላይ ከተሞች እንዲህ ሆና ተመላለሰች። ደረጃ ወጣች፣ በር ገፋች፣ ሂሳብ ከፈለች። ይህን ሁሉ እንድታደርጉ አልጠይቃችሁም። የኔ የሱፍ ጓንት የሷ ታናሽ እህት ናት ማለት ትችላላችሁ፤ ዋጋዋም ቀላል ነው።

ከዚያ ዘመን የወጣ አንድ ዕቃ እወዳለሁ። የአትክልት መላጫ ነው። ሳም ፋርበር የሚባሉ ነጋዴ ሚስታቸው ቤትሲ የመገጣጠሚያ ሕመም ነበረባት። በቀጭኑ የብረት መላጫ ስትቸገር አዩ። ከዚያ ኦክሶ የሚባለው ድርጅታቸው በ1990 ወፍራም የጎማ እጀታ ያላቸውን የወጥ ቤት ዕቃዎች ይዞ መጣ። እጀታው ለስለስ ያለ ነው። አውራ ጣት በሚያርፍበት በኩል ጎኑ ላይ ስስ ስስ መስመሮች አሉት፤ ጫን ስትሉት ጎንበስ ይላሉ። እርጥብ እጅም አያንሸራትተውም። ዋናው ግን ሌላ ነው። ማሸጊያው ላይ «ለሕመምተኞች» አልተባለም። ከሌላው መላጫ ጎን ተሰቅሎ ለሁሉም ተሸጠ። እጁ የሚያመውም የማያመውም ሰው ገዛው፤ ማን ለምን እንደገዛው ማንም አያውቅም። እኔ ክብር የምለው ይሄንን ነው።

የልጆቹን ኤምአርአይ፣ ማለትም በትልቅ ማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳውን ማሽን፣ ታሪክ ብዙዎቻችሁ ስለሰማችሁት ቶሎ ልለፈው። የሕክምና መሣሪያ ዲዛይነሩ ዳግ ዲትዝ የሠራውን ማሽን ሊያይ ሆስፒታል ሄደ። በሥራው ኮርቷል። አንዲት ትንሽ ልጅ እያለቀሰች መጣች። አባቷ ጎንበስ ብሎ፣ ተነጋግረን የለ፣ ጎበዝ መሆን ትችያለሽ ዓይነት ነገር ሲላት ሰማ። በኋላ ከባልደረቦቹ ጋር ክፍሉን የባሕር ወንበዴ መርከብ አስመሰሉት። ማግኔቱ ያው ነው። የምርመራው ዓለም ግን ተለወጠ፤ ማደንዘዣ የሚያስፈልጋቸው ልጆችም ቀነሱ። እኔን ሁሌ የሚቆረቁረኝ የአባትየው ቃል ነው። ለማሽኑ ሲባል ልጅቱ ጎበዝ እንድትሆን ተለመነች።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር።

ከዓመታት በፊት የአንድ የክፍያ አፕ ቅጽ ሠራሁ። ስልክ ቁጥር ሲሞላ በመሃል ክፍተት ከገባ አፑ አይቀበልም። በቀይ «የተሳሳተ ቁጥር አስገብተዋል» ይላል። ጢጥ የሚል ድምፅም ያሰማል። ድምፁ የኔ ሐሳብ ነበር፤ ቀልጠፍ ያለ መስሎኝ። በሙከራው ቀን አንድ አዛውንት አጠገቤ ተቀመጡ። ቁጥራቸውን ሦስት ሦስት እያደረጉ በጥንቃቄ ጻፉ። ሁላችንም ወረቀት ላይ የምንጽፈው እንደዚያ ነው። ጢጥ አለ። እሳቸው ስክሪኑን አላዩም። ግራና ቀኝ ነው ያዩት። ማን ሰማኝ ብለው። ደግመው በዚያው መንገድ ጻፉ። ጢጥ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀምጠው «ልጄ ይሞላልኛል» አሉኝ።

ቁጥሩ ልክ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ክፍተቱን ፕሮግራሙ ራሱ ማጥፋት ይችላል፤ አንድ መስመር ኮድ ነው። ድምፁን በዚያው ቀን አጠፋሁት። መጠይቁ ላይ ግን አዛውንቱ ምን እንደሞሉ ታውቃላችሁ? «በጣም ጥሩ ነው» ብለው ነው የሄዱት።

ስሜትን መገመትም ያሳስታል። ሶኒ በ1979 የመጀመሪያውን ዎክማን፣ በኪስ የሚያዘውን የካሴት ማጫወቻ፣ ሲያወጣ ሁለት የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ነበረው። አንዲት ብርቱካናማ ቁልፍም ነበረችው። ስትጫኗት ሙዚቃው ዝቅ ይልና በማይክሮፎኗ በኩል አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር ታወራላችሁ። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የሆኑት አኪዮ ሞሪታ፣ ሰው ብቻውን ሙዚቃ ቢሰማ ነውር ይመስላል ብለው ሰግተው ነበር። እሳቸውም እንደኔው ሀፍረትን ነው ያሰቡት። ሕዝቡ ግን ብቻውን መሆኑን ወደደው። ቁልፏ በኋላ በመጡት ሞዴሎች ላይ ቀረች። ስለዚህ የኔንም ነገር እንዳለ አትዋጡት። ሂዱና እዩ።

እዩ ስል በዓይናችሁ ነው። አሁን ፊት አይቶ ስሜት የሚለይ ሶፍትዌር እንሽጥላችሁ የሚሉ አሉ። ማይክሮሶፍት በ2022 ከፊት ላይ ስሜት የሚገምተውን አገልግሎቱን ለማቆም ወስኗል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት እንዲህ ዓይነት ሶፍትዌር መጠቀምን፣ ከሕክምናና ከደኅንነት ጉዳይ በስተቀር፣ ከልክሏል። እኔ ያን ጠዋት ወጥ ቤቱ ውስጥ ካሜራ ቢኖር ብዬ አስባለሁ። እናቴ ዞር ስትል ፈገግ ብላ ነበር። ካሜራው «ደስተኛ» ብሎ ይመዘግባት ነበር። ቢላውን ወደ መሳቢያው ስትመልስ የእጇን ፍጥነት ግን ማን ይጽፈዋል?

እናቴ አሁን ክዳኑ ዝም ብሎ የሚዞር ብልቃጥ ነው የምታስመጣው። መድኃኒት ቤቱን ጠይቀን ነው። መጠየቅ እንደሚቻል አታውቅም ነበር፤ እኔም አላውቅም ነበር። የልጅ ልጆቿ ሲመጡ ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠዋለች።

እሺ፣ ብልቃጧ አሁን ማን ጋ ናት? ማን ከፈታት? እጃችሁን አውጡ። እርስዎ፣ ከኋላ ያሉት፣ ሲያቅትዎ ከጠረጴዛው ሥር ሲደብቋት አይቻለሁ። ምን ተሰማዎት? ማይክ ስጧቸው እባካችሁ። ጓንቱ ግን ይመለስልኝ፤ ነገ ሌላ ቦታ እፈልገዋለሁ።