ድንኳኑ ይቆየን

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

ከአራብሳ ሁለት ታክሲ ይዛችሁ የመጣችሁ አላችሁ። በ2016 ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ ጉርብትናችን በስልክ ሆኗል። ዛሬ ግን ወንበር ጎድሎን ተውሰናል። እሰየው ነው!

ሒሳቡን ገንዘብ ያዣችን ያቀርባል። እኔ ስለ አንድ ልጅ ላውራ። ስሙን አልጠራም፤ እናቱ አደራ ብላኛለች። በየለቅሶው ወንበር የሚደረድርልን ልጅ ነው። 19 ዓመቱ ነው። መቅኔው ደም ማምረት አቁሟል። ሐኪሞቹ አፕላስቲክ አኒሚያ ይሉታል። መቅኔ ያው በበዓል ቅልጥም ስንመጥ የምንሻማው ነው። ለካ ደማችን የሚመረተው እዚያ ኖሯል።

የተነገረው መፍትሔ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ነው። ከአንድ እናትና አባት የተወለደ ወንድም ወይም እህት የመግጠም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ሦስቱም እህትና ወንድሞቹ ተመረመሩ፤ የታናሽ እህቱ ገጠመ። እናትየው መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ «የሷንም አጥንት ሊቆርጡብኝ ነው?» ብላ ነው። አይቆርጡም። አደንዝዘው ከዳሌ አጥንቷ በመርፌ ይቀዱታል፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይተካል።

የሚታከመው ህንድ ነው፤ ክፍያው በዶላር። ከሐምሌ 2016 በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር 100ን ካለፈ ቆየ። ቤተሰቡ ያጠራቀመው ብር ሳይነካ፣ ባንክ ቁጭ እንዳለ ግማሽ ሆነ።

እስኪሄድ ድረስ ደም ያስፈልገዋል። በተለይ ፕሌትሌት የሚባለው፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል፣ ከ5 ቀን በላይ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ሰጪ መቋረጥ የለበትም። እህትና ወንድሞቹ እንዳይሰጡት ተከልክለዋል። ሰውነቱ የእነሱን ደም ቀድሞ ከለየው፣ በኋላ መቅኔውን ሊገፋው ይችላል። ዘመድ የተከለከለውን እንግዲህ ጎረቤት ይስጥ። 18 ዓመት የሞላው፣ ከ45 ኪሎ በላይ የሆነ ጤነኛ ሰው ቅዳሜ 3 ሰዓት ደም ባንክ በር ላይ ይጠብቀኝ። ስኳርና ግፊት ያለብን ሽማግሌዎች ልጆቻችንን እንላክ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ደንባችን ለቀብር ብቻ ይላል። አምና ለአንዲት ልጅ ሕክምና ሦስት ስብሰባ ስንከራከር ልጅቷ አረፈች። በማግስቱ ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ብሩ በአንድ ፊርማ ወጣ፤ ማንም አልተከራከረም። «ደንብ ነው» እያልኩ ስብሰባውን የበተንኩት እኔ ነበርኩ። ለቅሶው ላይ እናቷን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ከተቀማጩ ላይ ለታመመ አባልና ቤተሰብ እንዲወጣ ኮሚቴው ማሻሻያ አዘጋጅቷል። ገንዘብ ያዣችን አሁንም ቅር ብሎታል። እውነቱን ነው፣ ሳጥኑ ባዶ እንዳይሆን የመጠበቅ ሥራው የሱ ነው። እሱም ይናገር።

አሁን ጸሐፊያችን አንቀጹን ያንብብልን። ሻይ የሚቀርበው እጅ ካወጣን በኋላ ነው።