ማዳመጫው ይውለቅ፣ ቀልዱ የአሻንጉሊቷ ይሁን

የተከበራችሁ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን፣ ወላጆች፣ ልብስ ሰፊዎችና የመጫወቻ ነጋዴዎች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ እዚህ ሐዋሳ የተሰባሰብነው ስለ አሻንጉሊት ልንነጋገር ነው። ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድረም ወይም ሌላ ከብዙኃኑ የተለየ የአእምሮ አሠራር ያላቸውን ሰዎች ስለሚመስሉ አሻንጉሊቶች፣ ልጆችም እነርሱን ይዘው ስለሚስቁት ሳቅ። ለዚህ ጉዳይ አማርኛ ሁለት ቃላት አሉት፤ ቀልድና ፌዝ። ቀልድ ሁለቱንም ያስቃል። ፌዝ አንዱን አስቆ ሌላውን አንገት ያስደፋል። አሻንጉሊት ሁለቱንም ያስተምራል፤ የትኛውን እንደሚያስተምር የሚወስነው በአብዛኛው አሠራሩ ነው። ምኑ ተሰፍቶ ቀረ? ምኑ ይወልቃል? ሲጫኑት ምን ያደርጋል?

የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የቪየናው ሐኪም ሐንስ አስፐርገር በ1944 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የሚከታተላቸው ልጆች ቀልድ እንደማይገባቸው፣ በተለይ ደግሞ ቀልዱ በእነርሱ ላይ ሲሆን እንደማይገባቸው ጻፈ። እባካችሁ ሁለተኛዋን ሐረግ ልብ በሉልኝ። በራሱ ላይ ሲቀለድበት ያልሳቀ ልጅ አልገባውም ነው የሚባለው፣ ወይስ በሚገባ ገብቶታል? «ኦቲዝም ያለው ሰው ቀልድ አያውቅም» የሚለው ግምት ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም። ራሱ ኦቲዝም ያለው እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዴሚየን ሚልተን በ2012 እንዳስረዳው፣ አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው። እኛም የእነርሱን ቀልድ አንሰማም።

በአገራችን ይህ ግምት በተረት ይታገዛል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። የለመደውን መንገድ፣ የለመደውን ኩባያ አልለቅም ያለ ልጅ ይህን በየቀኑ ይሰማል። ነገሩን አጥብቆ የሚይዘው ግን ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ስለሚያረጋጋው ነው።

መጫወቻዎቹ ጋ እንምጣ። የተባለውን ሁሉ እየደገመ የሚወዛወዝ፣ በባትሪ የሚሠራ የቁልቋል መጫወቻ በየሱቁ አይታችኋል። በራሱ ምንም ክፋት የለበትም። ችግሩ የሚጀምረው ያው አሠራር ሰው በሚመስል አሻንጉሊት ውስጥ ሲገባና ቃል የሚደግም ልጅ መሳቂያ ሲሆን ነው። ቃል መድገም ለብዙ ኦቲዝም ላላቸው ልጆች ቋንቋ የመማሪያ መንገድ ነው። «ውሃ ትፈልጋለህ?» ስትሉት «ውሃ ትፈልጋለህ?» ብሎ የሚመልስ ልጅ ብዙ ጊዜ «አዎ፣ ውሃ ስጡኝ» ማለቱ ነው። በዚህ መሳቅ የለመደ የክፍል ጓደኛ ጥያቄውን አይሰማውም፤ ልጁም እንደተጠማ ይቀራል። ሲጫኑት የሚሳደብ፣ «ቱሬት አለበት» ተብሎ የሚቀለድበት መጫወቻም እንዲሁ ነው። ቱሬት ሰው ሳይፈልግ እንዲንቀሳቀስ ወይም ድምፅ እንዲያወጣ የሚያደርግ ሁኔታ ነው። ቱሬት ሲንድረም ካላቸው ሰዎች መካከል ሳይፈልጉ የስድብ ቃል የሚያመልጣቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት ብቻ ናቸው።

ጥሩ የተሠሩትንም እንይ። በአሜሪካው የልጆች ፕሮግራም ሰሰሚ ስትሪት ጁሊያ የተባለች ኦቲዝም ያላት አሻንጉሊት በ2015 በሥዕላዊ ታሪክ፣ በ2017 ደግሞ በቴሌቪዥን ቀረበች። ሴት መሆኗ ታስቦበት ነው፤ ኦቲዝም በምርመራ የሚታወቀው በወንዶች ላይ በሦስትና በአራት እጥፍ ስለሚበልጥ ሴቶቹ ሳይታዩ ይቀራሉ። በቴሌቪዥን በቀረበችበት ዝግጅት ጓደኞቿ አባሮሽ ሲጫወቱ ጁሊያ በደስታ ትዘላለች። እነርሱም ዝላዩን ተቀብለው አዲስ ጨዋታ አደረጉት፤ እየዘለሉ መያያዝ። አንድ ሰው ብቻውን ሲያደርገው የሚያስቅ እንቅስቃሴ ሁሉም ሲያደርጉት ጨዋታ ሆነ። ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህ ትዕይንት ይበቃል እላለሁ።

በ2022 «ባቡሩ ቶማስ» በሚባለው የልጆች ካርቱን ውስጥ ብሩኖ የተባለ ኦቲዝም ያለው ፉርጎ ገባ። ኦቲዝም ያለው ሁሉ ባቡርና የጊዜ ሰሌዳ ይወዳል ማለት የታወቀ ጭፍን ግምት ነው የሚል ትችት አለ፤ ትችቱም ልክ ነው። ሆኖም ብሩኖ ሲጨነቅ የሚቀልደው ራሱ ነው። ሳቁ ከእርሱ ይመነጫል እንጂ በእርሱ ላይ አያርፍም።

በ2023 ዳውን ሲንድረም ያላት ባርቢ ወጣች። ቁመቷ አጠር፣ ፊቷ ክብ ያለ ነው። የአንገት ጌጧ ላይ ያሉት ሦስት ምልክቶች ዳውን ሲንድረምን የሚያመጣውን፣ ሦስት ቅጂ ያለውን 21ኛውን ክሮሞዞም ያመለክታሉ። ምላስ ያወጣና አፍ የከፈተ ፊት አልተሰጣትም፤ የድሮው የፌዝ ሥዕል ይህ ነበርና። በ2026 መጀመሪያ ደግሞ ኦቲዝም ያላት ባርቢ ወጣች፤ ዝግጅቱ ኦቲዝም ካላቸው ሰዎች ማኅበር ጋር ከ18 ወር በላይ ወስዷል። ክርኗና አንጓዋ ይታጠፋሉ፤ እጇን ማርገብገብ ትችላለች። የድምፅ መከላከያ ማዳመጫ፣ በጣት የሚሽከረከር መጫወቻና የመግባቢያ ታብሌት አላት። ማዳመጫው ይወልቃል፤ ይህን እንወድላታለን። ዓይኗ ግን ወደ ጎን ሆኖ ተስሏል፤ አይወልቅም። ዓይን ለዓይን መተያየት የሚከብዳቸው ብዙ ናቸው፤ የማይከብዳቸውም አሉ።

የእኛም መመሪያ ከዚሁ ይነሳል። ሰውነት ላይ የተሰፋ ምልክት ጭፍን ግምት ይሆናል። የሚወልቅ ምልክት ግን መሣሪያ ነው፤ ሌላዋም አሻንጉሊት ገበያ ጫጫታ ሲበዛባት ታደርገዋለች።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ለ35 ሳንቲ ሜትር አሻንጉሊት ግማሽ ሜትር ቡናማ የጥጥ ጨርቅና ወደ 200 ግራም የትራስ ፋይበር ይበቃል። ጨርቁን ሳትቆርጡ እጠቡት፤ ከተሰፋ በኋላ ከታጠበ ይሰበሰባል፣ ፊቱም ይጣመማል። ጥጥ አትሙሉበት፤ ሲታጠብ ይጓጉላል፣ ውስጡ ቶሎ አይደርቅም።

በብዛት የሚበላሸው አንገት ነው። በደንብ ካልተሞላ ጭንቅላቱ ይወድቃል። ጭንቅላቷ የወደቀ አሻንጉሊት የተሰጣቸው ልጆች «አሟታል»፣ «ሰክራለች» ብለው መሳቅ ይጀምራሉ፤ አሻንጉሊቷ ኦቲዝም እንዳላት ከነገራችኋቸው ደግሞ ሳቁ በቀጥታ ወደ ክፍል ጓደኛቸው ይሄዳል። ስለዚህ ጭንቅላቱን ከመግጠማችሁ በፊት የተጠቀለለ ጨርቅ፣ ወፍራም እርሳስ የሚያህል፣ በአንገቱ ውስጥ አሳልፉ። ግማሹ ደረት ውስጥ፣ ግማሹ ጭንቅላት ውስጥ ይግባ፤ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ስፉት።

ክንዱ ከትከሻ እስከ ጣት 14 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ክርኑ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ሳትሞሉ በስፌት ዝጉ፤ እንዲታጠፍ። እጇ ጆሮዋ ጋ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ማዳመጫውን ልጆቹ ያደርጉላታል፤ ሁሉን ነገር ሌሎች የሚያደርጉላት በሽተኛ ትሆናለች ማለት ነው።

ለማዳመጫው 1.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ላስቲክ ከጆሮ እስከ ጆሮ በአናት ላይ ለኩና 1 ሳንቲ ሜትር ቀንሱ፤ አለበለዚያ ይንሸራተታል። የጆሮ ክቦቹ 4 ሳንቲ ሜትር ይሁኑ እንጂ አይነሱ። ትናንሽ ክፍሎች የሚፈተሹበት የአሜሪካ መለኪያ ሲሊንደር ስፋት 3.17 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እዚያ የሚገባ ነገር ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል። በሙጫ አትለጥፉ፤ ስፉት። ዓይንም አዝራር አይሁን፣ በክር ይጠለፍ። አፉን ቀጥ ያለ መስመር አታድርጉት፤ ልጆች ወዲያው «ሮቦት» ይሉታል። የተዘጋና ጫፉ ትንሽ ከፍ ያለ አፍ ይበቃል።

አሁን ቀልዱ። ድምፅ የሚያወጣ ነገር አታስገቡ። በምትኩ ቀሚሷ ላይ ኪስ ስፉና 5 በ7 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ስድስት ካርዶች ጨምሩበት። አራቱ የመግባቢያ ሥዕሎች ናቸው፤ ውሃ፣ መጸዳጃ፣ ጨምሩልኝ፣ በቃኝ። ሁለቱ የእንቆቅልሽ ካርዶች ናቸው። እንቆቅልሽ የተመረጠበት ምክንያት አለ። ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ «እንቆቅልህ?»፣ «ምን አውቅልሽ?»፣ መልሱ ከጠፋ «አገር ስጠኝ»። የማን ተራ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ የት ላይ እንደሚሳቅ ሁሉም ያውቃል። የድምፅ ቃናን ወይም የፊትን ሁኔታ በማንበብ ብቻ ከሚገባ ቀልድ ይልቅ ለብዙ ኦቲዝም ላላቸው ልጆች ይቀላል። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው» ብላ የጠየቀችው አሻንጉሊቷ ናት፤ መልሱን የያዘችው እርሷ ናት፤ አገር የሚሰጠውም ለእርሷ ነው። ሲዳምኛ በሚነገርበት ክፍል በሲዳምኛ እንቆቅልሽ አድርጉት፤ ተተርጉሞ የመጣ እንቆቅልሽ አያስቅም።

ከኦቲዝምና ከዳውን ሲንድረም ጋር የሚኖሩ ሰዎችና ወላጆች አሻንጉሊቷን ከስፌት በፊት፣ በወረቀት ንድፍ ላይ እያለች ይዩአት። ከተሰፋች በኋላ ማሳየት ይሁንታ መለመን ብቻ ነው። በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስም መነሻቸው ኦቲዝም ያለው ልጅ እናት መሆናቸው ነበር። የተገጣጣሚ ሥዕል (ፐዝል) ቁራጭን እንደ ኦቲዝም ምልክት አትጥለፉባት። ምልክቱ በ1963 በብሪታንያ ሲጀመር የሚያለቅስ ሕፃን ሥዕል ነበረበት፤ ኦቲዝም ካላቸው ሰዎች ብዙዎቹ «የጎደለን ክፍል የለም» ብለው አይቀበሉትም። «የኦቲዝም ተጠቂ» የሚል ጽሑፍም ማሸጊያው ላይ አይውጣ።

ከዚያ ፈትኗት። ለአምስት ልጆች ለ15 ደቂቃ ስጡና ምንም ሳትናገሩ የሚጠቀሙበትን ግስ ጻፉ። «ጠየቀች»፣ «አወለቀች»፣ «አሸነፈችኝ» ከሆነ መልካም ነው። «አበደች»፣ «ተንቀጠቀጠች» ከሆነ ልጆቹን ከመቆጣታችሁ በፊት አንገቱን፣ አፉንና ክንዱን መርምሩ። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

የወረቀት ንድፉ በየጠረጴዛችሁ አለ፤ የስፌት ትርፉ 6 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተስሏል። መርፌና ክር ከበሩ በስተቀኝ ታገኛላችሁ። ከአንገቱ እንጀምር።