ጀልባው ሲቀር ጦጣው አልቀረም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባሕር ዳር ዛሬ ሲዘንብ ነው የዋለው፤ ከጀርባዬ የሚሰማችሁ የቆርቆሮው ድምፅ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጣና ሐይቅ ዳር ባለው ዘጌ፣ አክስቴ ጋ ነበርኩ። እቴቴ ነው የምንላት። ጥቂት ቡናና ሁለት የማንጎ ዛፍ አላት፤ ማንጎው በደረሰ ጊዜ ከጠዋት እስከ ማታ ወንጭፍ ይዛ ሥሩ ትቀመጣለች። ጦጣዎቹ ከደብሩ ደን በኩል ይመጣሉ፤ አንዷ የእቴቴን ዓይን ስትስብ ሌሎቹ በእቴቴ ጀርባ ዛፉ ላይ ይወጣሉ። «ይቺ ጦጣ ባለቤቱን ልታስወጣ» ትላለች። ለምን ወጥመድ አታደርጉባቸውም ብዬ ጠየቅኳት። ደነገጠች። «ከታቦቱ ደን የወጣ እንዴት ይገደላል?» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቺ መልሷ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ጋና ውስጥ ቦአቤንግና ፊየማ የሚባሉ ሁለት አጎራባች መንደሮች አሉ። እዚያ ጦጣ ቅዱስ ነው። ከእኛ ጉሬዛ ጋር የሚዛመድ ጥቁርና ነጭ ዝርያ አለ፤ ሞና የሚባሉት ትንንሾቹም ግቢ ድረስ እየገቡ ምግብ ያነሳሉ። ጦጣ ሲሞት እንደ ሰው ተገንዞ ይቀበራል። ግን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የድሮውን እምነት የተዉ ሰዎች ማደን ጀመሩ። ያን ጊዜ ነው እምነቱ ብቻውን እንደማይበቃ የታየው። በ1975 እ.ኤ.አ. የአካባቢው ምክር ቤት ደንብ አውጥቶ አደኑን ከለከለ። ከጊዜ በኋላም እንግዳ መምጣት ጀመረ፣ የመግቢያ ገንዘብም ተከተለ። በምሥራቅ ጋና ታፊ አቶሜ የምትባል መንደርም ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲሁ ሞናዎቿን እያስጎበኘች ከገቢው መንደሩ ይጠቀማል። እዚያ እንግዳው ሙዝ ይዞ ያበላቸዋል፤ ይሄን እኔ አልወደውም። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጦጣ ነገ የማንን ጓዳ ነው የሚከፍተው?

ወደ ዘጌ ልመለስ። ዘጌ አይታረስም፣ ከብትም አይረባበትም። አባቶች የሚነግሩን፣ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸው ሦስት ቦታ ተከፍላ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው በቀሉ፤ ሕዝቡም ሳያርስ እንዲኖር ቃል ኪዳን ተቀበሉ ብለው ነው። ቡና ደግሞ ጥላ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ትልልቆቹ ዛፎች ቆሙ፣ ጦጣውም ቤት አገኘ። እምነቱና ኑሮው አንድ ላይ ስለሄዱ ነው ደኑ የቆየው። ቡናው ሲታመም ግን ሰው ወደ እንጨቱ ያያል። በታንኳ ተጭኖ ባሕር ዳር ገበያ የሚገባውን ማገዶ ሁላችንም አይተናል፣ ገዝተንም አንድደናል። እኔም ገዝቻለሁ።

እንግዳው የሚመጣው ለዑራ ኪዳነ ምሕረትና ለአዝዋ ማርያም ሥዕሎች ነው፤ መምጣቱም ደግ ነው። በመንገዱ ጦጣ ሲያይ ቆሞ ፎቶ ያነሳል። እቴቴ በአጥሯ በኩል ታየዋለች። ጦጣውን በማንጎዋ የምትመግበው እሷ ናት፤ ፎቶው ግን ለእሷ ምንም አያመጣም። የማምነው አንድ ነገር አለ፤ ከእንግዳው ገንዘብ ላይ ጦጣው የበላባቸው ሰዎች ድርሻ ይገባቸዋል። ደኑን ለሚጠብቁት፣ ቡናውን ለሚለቅሙት፣ ወንጭፍ ይዘው ለሚውሉት ማለቴ ነው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው እንዲኖሩ የሚጠበቅ ቦታ፣ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ያ ምዝገባ እስከ እቴቴ አጥር ድረስ ቢደርስ ደስ ይለኛል። መንዝ ጓሳ ላይ ሣሩንና ጭላዳውን ሕዝቡ በአባቶች ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሮ፣ ዛሬ እንግዳ የሚቀበለውም ራሱ ነው። ስለዚህ የማይሆን ነገር አይደለም የምለው።

ይህን ስነግራት ግን እቴቴ ያላሰብኩትን አለችኝ። በኮሮና ጊዜ፣ ኋላም በጦርነቱ እንግዳ ሲጠፋ አስታወሰችኝ። «ጀልባው ሲቀር ጦጣው አልቀረም። እኛም አልነካነውም» አለች። ዝም አልኩ። ገንዘቡ የሚቆምበት ቀን አለ፤ ያን ቀን ደኑን ያቆመው የእሷ ፍርሃተ እግዚአብሔር ነው። እኔ ይሄን ሳላስብ ስለ ገቢ ብዙ ተናግሬ ነበር። አሁንም ድርሻው ይገባታል እላለሁ፤ ግን ለእምነቷ ምትክ ሳይሆን ለድካሟ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ የለብንም።

ወደብ ላይ ካሉት አስጎብኚዎችና ጀልበኞች ጋር፣ ከደብሩ አባቶችም ጋር ተቀምጠን እንድንነጋገር ሐሳብ አቅርቤያለሁ። እቴቴም መጥታ ራሷ ብትናገር ብዬ ለመንኳት። «የዚያን ቀን ማንጎውን ማን ይጠብቃል?» አለችኝ።

እኔ እጠብቃለሁ አልኳት።