የእጅ ንክኪ፤ ዳኛው የሚያየው ምንን ነው?

በሐዋሳ የአድማጮች የስልክ ሰዓት ለቀረቡ ጥያቄዎች አንድ የቀድሞ የእግር ኳስ ዳኛ የሰጡት መልስ

ጥያቄ፦ በሰፈራችን ጨዋታ ላይ ተከላካዩ ሲንሸራተት መሬት የተደገፈበትን እጁን ኳሱ መታው። ዳኛው ግን አለፉት። ፍጹም ቅጣት ምት አልነበረም ወይ? (ከአቶቴ)

መልስ፦ እንደነገሩኝ ከሆነ ዳኛው ትክክል ነበሩ። የጨዋታው ሕግ አንቀጽ 12 የሚቀጣው ኳስና እጅ ስለተገናኙ ብቻ አይደለም፤ ተጫዋቹ ሆን ብሎ ኳሱን በእጁ ሲነካ፣ ወይም በዚያ ቅጽበት የሚያደርገው እንቅስቃሴ ከሚጠይቀው ውጭ እጁን ዘርግቶ ሰውነቱን ሲያሰፋ ነው። የሚንሸራተት ሰው መዳፉን ከጎኑ ተክሎ ክብደቱን ያሳርፍበታል፤ ያንን እጅ እዚያ ያመጣው መውደቁ ነውና ጥፋት ሊባል አይችልም። ሌላኛው እጁ ወደ ላይ ተነሥቶ የኳሱን መንገድ ቢዘጋ ግን ፍርዱ ይለወጣል። «ኳሱ ከቅርብ ስለተመታ አያስቀጣም» የሚለው ክርክርም ብቻውን አያስኬድም፤ ርቀቱ ዳኛው እንዲመዝን ይረዳዋል እንጂ የተዘረጋን እጅ ነጻ አያወጣም። ታዳጊዎች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንዲከላከሉ የሚያስተምሩ አሠልጣኞችን ሳይ አዝናለሁ፤ ልጁ ሚዛኑን ያጣል፣ ሕጉም ይህን አልጠየቀውም።

ጥያቄ፦ ትከሻ እጅ ነው? (ከታቦር)

መልስ፦ አይደለም። እጅ የሚጀምረው ከብብት የታችኛው ጫፍ ትይዩ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ትከሻ ነው።

ጥያቄ፦ የልጄ ቡድን አጥቂ ኳሱ ሳያስበው እጁን ነክቶለት ወዲያው ቢያገባም ግቡ ተሻረበት። ሆን ብሎ አላደረገውም እኮ! (ከፒያሳ)

መልስ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ግብ አግቢው ላይ ሕጉ ጠበቅ ይላል። ኳሱ ሳይታሰብ እጁን ነክቶ ራሱ ወዲያውኑ ካገባ፣ ግቡ ይሻርና ለተቃራኒ ቡድን ቀጥተኛ ቅጣት ምት ይሰጣል። ሳይታሰብ የነካው ኳስ ለጓደኛው ደርሶ ጓደኛው ቢያገባ ግን ይጸድቃል። ግራ መጋባቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ድንጋጌ ይህንንም ስለከለከለና በ2021 ስለተሻሻለ ነው።

ጥያቄ፦ የኡራጓዩ ሱዋሬዝ በዓለም ዋንጫ ጋና ላይ ያደረገው ዛሬ ቢሆን ቅጣቱ ይቀልለት ነበር? (ከሞኖፖል)

መልስ፦ አይቀልለትም። እ.ኤ.አ. በ2010 በጆሃንስበርግ በተጨማሪው ሰዓት ማብቂያ ላይ፣ ወደ መረቡ የሚገባውን ኳስ በመስመሩ ላይ ቆሞ በእጁ መለሰው፤ በቀይ ካርድ ወጣ፣ የጋናው አሳሞዋ ጂያን የመታው ፍጹም ቅጣት ምት የግቡን አግዳሚ መታ፣ ጋናም በመለያ ምት ተሸነፈች። ሆን ተብሎ የግብ ዕድልን በእጅ ማክሸፍ ዛሬም በቀይ ያስወጣል። የተለወጠው ሌላ ነው፤ ከ2024/25 ጀምሮ ተጫዋቹ ሆን ብሎ ባይሆንም እጁን ዘርግቶ ሰውነቱን በማስፋት ግልጽ የግብ ዕድል ቢያከሽፍና ፍጹም ቅጣት ምት ቢሰጥ፣ የሚሰጠው ቢጫ ነው። ተቃራኒው ቡድን ግብ የማግባት ዕድሉ በፍጹም ቅጣት ምት ስለተመለሰለት፣ ያልታሰበን ነገር በቀይ መድገም ከበደለኛው በላይ ጨዋታውን ይጎዳል ብዬ አምናለሁ።